ችግኙ ውሃ ጠጣ፤ እናቴስ?

ሰኔ 2012 ነው፣ የችግኝ ተከላ ሰሞን። በዚያ ዓመት አገሪቱ 5 ቢሊዮን ችግኝ ለመትከል አቅዳ ስለነበር ለየወረዳውና ለየከተማው ኮታ ወርዷል። እኛም የከተማ አስተዳደሩ ሠራተኞች በጠዋት ተነስተን ከከተማዋ በላይ ወዳለው ኮረብታ ወጣን። እኔ ዶማ አልያዝኩም፤ ካሜራ ነው የያዝኩት። ከንቲባው የተከሉትን ችግኝ በቢጫ ጀሪካን ሲያጠጡ አነሳኋቸው። ፎቶው እውነትም ያምር ነበር።

ማታ በከተማ አስተዳደሩ የፌስቡክ ገጽ ላይ ለጠፍነው። ላይኩ መጣ። "በርቱ" የሚሉ፣ "ደስ ይላል" የሚሉ ኮሜንቶች ተከታተሉ። ከመሃል አንዷ ቤይሩት የምትኖር ልጅ ነበረች። የምትኖርበትን ከተማ ፕሮፋይሏ ላይ ጽፋዋለች። ኮሜንቷ አንድ መስመር ነው፦ "ችግኙ ውሃ ጠጣ፤ እናቴስ?"

እናቷ ማን እንደሆኑ አላውቅም። የምትለው ነገር ግን ወዲያው ገባኝ። ከገበያው በላይ ያሉት ሰፈሮች ቧንቧቸው ከደረቀ ሰንብቷል። ካሉን ሁለት የጉድጓድ ፓምፖች የአንዱ ሞተር ተቃጥሏል። ዝናቡ ጀማምሮ ስለነበር ሰው ከቆርቆሮው ሥር ባልዲ እየደቀነ ያጠራቅም ነበር። ከሰማይ ውሃ እየወረደ ቧንቧው ባዶ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ኃላፊዬ ደወለ።

"አየኸው?"

"አየሁት።"

"አጥፋው።"

ብናጠፋው ስክሪንሾት ተነስቶ ይባስ እንደሚዞር ነገርኩት። ለምን አንመልስላትም? ውሃ አገልግሎት ደውዬ ሞተሩ መቼ እንደሚመጣ ልጠይቅና እንጻፍላት አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። "መልስ መስጠት ከጀመርክ ማለቂያ የለውም" ብሎ ዘጋው። ገጹ ላይ እሱም አድሚን ነበር። ደቂቃም አልቆየ፣ ኮሜንቱን ደበቀው። አልሰረዘውም፤ ደበቀው።

ልዩነቱን ገጽ ያስተዳደረ ሰው ያውቀዋል። ፌስቡክ ላይ ኮሜንት ሲደበቅ ለጻፈው ሰውና ለጓደኞቹ ይታያል፤ ለሌላው ሁሉ አይታይም። ጻፊው እንደተደበቀበት የሚነግረው የለም። ስለዚህ ልጅቱ ገጹን በከፈተች ቁጥር ጥያቄዋን እንዳለ ታገኘዋለች። ሺህ ሰው አይቶት አንድ ሰው እንኳ እንዳልመለሰላት ነው የምታስበው። ቢሰረዝ እኮ ቢያንስ ትናደድ ነበር። ይህ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ። ያን ሰሞን ደግሞ ቤይሩት ላሉ እህቶቻችን ክፉ ጊዜ ነበር። የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ ኮሮናም ተጨምሮበት አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አውርደው ይሄዱ ነበር። በዚያ ሁሉ መሃል ሆና ነው ስለ እናቷ ውሃ የጠየቀችው።

የሁሉ ነገር ባለሙያ

የከተማዋን ስም አልጠራም። ትንሽ ናት። ከአስፋልቱ ወርደህ ሩብ ሰዓት ብትሄድ እርሻ ውስጥ ትገባለህ። የቅጥር ደብዳቤዬ "የአይሲቲ ባለሙያ" ይላል። በትንሽ ከተማ አስተዳደር ውስጥ ይህ ማለት ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር ሁሉ ያንተ ነው ማለት ነው። ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ ማይክ ሲጮህ እኔ ነኝ። ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቱ ፎቶ አንሺ ስላልነበረው ካሜራውም ወደ እኔ መጣ፣ ከካሜራው ጋር ባነሩ፣ ከባነሩ ጋር የፌስቡክ ገጹ። ዌብሳይትም ነበረን። እሱን ከእኔ በስተቀር የሚከፍተው ያለ አይመስለኝም።

የፊደል ነገር ብቻውን አንድ ሥራ ነው። ጸሐፊዋ ማስታወቂያውን በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ትተይበዋለች። ታትሞ ማኅተም ሲያርፍበት እንከን አይወጣለትም። ኮፒ አድርጌ ፌስቡክ ላይ ስለጥፈው ግን አማርኛው ይጠፋና የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ጉድ ይመጣል። እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ኮድ ላይ ነው። ፎንቱ በሌለበት ቦታ ከሥር ያለው ይወጣል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እንደ አውሮፓውያኑ በ1999 ነው። ከ20 ዓመት በኋላም የመንግሥት ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ገና የገባ አይመስልም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ማስታወቂያ እንደ አዲስ እተይበው ነበር። አሰልቺ ነው፤ ግን አንድ ጥቅም አለው። እየተየብክ እያንዳንዱን ቃል ታነባለህ። የውሃው ማስታወቂያ ለምሳሌ እንዲህ ይል ነበር፦ "በአንዳንድ ቀጠናዎች የውሃ መቆራረጥ ያጋጠመ በመሆኑና ችግሩን ለመፍታት ርብርብ እየተደረገ ስለሆነ ኅብረተሰቡ በትዕግሥት እንዲጠባበቅ እናሳስባለን።" በየትኛው ቀጠና? ከመቼ እስከ መቼ? ማንን ልጠይቅ? አንዱም የለም። ሞተሩ መቃጠሉ እንኳ አልተጻፈም። ይህን ማስታወቂያ ያነበበ ሰው ከማንበቡ በፊት ከሚያውቀው ምንም አልጨመረም። ቧንቧው መድረቁን እንደሆነ እሱ ከእኛ በፊት አውቆታል።

ታዲያ ለማን ነው የምንጽፈው?

ይህን ጥያቄ ራሴን የጠየቅኩት የሩብ ዓመት ሪፖርት ስሞላ ነው። ፎርሙ ከዞን ይመጣል። የተሠሩ ዜናዎች ብዛት፣ የተለጠፉ ፎቶዎች ብዛት፣ የገጹ ተከታዮች ብዛት፣ "ተደራሽ የሆነ የኅብረተሰብ ክፍል በቁጥር"። ሞልተህ ትልካለህ። ግምገማ ላይ "አፈጻጸማችሁ ጥሩ ነው" ትባላለህ። አንድ ሰው ውሃ መቼ እንደሚመጣ ከእኛ ሰምቶ ጀሪካኑን አዘጋጅቶ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር የለም።

ኃላፊዬን ክፉ ሰው አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። አልነበረም። የደሞዝ እድገቱንም ዝውውሩንም የሚወስነው ዞን ነው። የዞኑ ሰዎች ደግሞ ገጻችንን ያዩታል። እናም ገጹ ለነዋሪው የተከፈተ ይምሰል እንጂ ፎቶ ያለው ሪፖርት ነበር። ዜናዎቹን ከዚያ ወዲህ ሳነባቸው ሁሉም ነገር ይገባኝ ጀመር። ከንቲባው ከነማዕረጋቸው በመጀመሪያው መስመር ለምን እንደሚመጡ፣ ስብሰባው ለምን ከተወሰነው ነገር እንደሚቀድም፣ ለምን ፎቶው ላይ ሁልጊዜ የመድረኩ ጠረጴዛ እንጂ የተሰብሳቢው ፊት እንደማይኖር።

የእኛ ቢሮ የፈጠረው ነገርም አይደለም። ወረዳ ኔትን የምታስታውሱ ታስታውሱ ይሆናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር በሳተላይት ለማገናኘት የተዘረጋው መረብ ነው። ትልቅ ሥራ ነበር፤ ብዙ ሰው የኢንተርኔትን ስም ያልሰማበት ወረዳ ጣሪያ ላይ ዲሽ ተተክሏል። እኔ ስቀጠር የቀረው አቧራ የጠጣ ዕቃና አንድ የቪዲዮ ኮንፈረንስ ክፍል ነበር። የቆዩት ሠራተኞች ሲያወሩ ያ ክፍል የሚከፈተው በአብዛኛው ከላይ ገለጻ ሲኖር ነው። ከላይ ይነገራል፤ እዚህ ይደመጣል።

እኔ ራሴ የዚያ ዘመን ውጤት ነኝ። ዘጠነኛ ክፍል በገባሁበት ጊዜ ፕላዝማ፣ ማለትም በቴሌቪዥን የሚተላለፈው ትምህርት፣ መጣ። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቅና ጥቂት ሰኮንዶች ይጠብቃል፤ ከዚያ "ጎበዝ!" ብሎ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን በደብተራችን እየገለበጥን ነው። የክፍሉ አስቂኝ ልጅ "መብራት ጠፍቶ ቢሆንስ ጎበዝ ይለን ነበር?" ይል ነበር። መምህሩን የሚያስቆመው የመብራት ኃይል ብቻ ነበር።

እኛ የቱ ነን?

ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ። ለሦስት ሳምንት ገደማ አልተመለሰም። አገሩ በሐዘንና በስጋት ውስጥ ነበር፤ የእኛ የፌስቡክ ገጽ መዘጋት ከዚያ አንጻር ቀልድ ነው። ግን ሥራ ሥራ ነው። በዚያው ሳምንት ውሃ አገልግሎት በቀረው አንድ ፓምፕ ውሃ በፈረቃ ለማዳረስ ወሰነ። ፈረቃው ለሕዝብ መነገር አለበት። የሚነገርበት ቦታ የለም።

"ሞንታርቦው የት ነው?" አለ ኃላፊዬ።

ሞንታርቦው የውሃ አገልግሎት ፒካፕ ላይ ነበር። በሚያዝያና በግንቦት ለኮሮና ስንጠቀምበት ከርመናል። "እጃችሁን በሳሙናና በውሃ ደጋግማችሁ ታጠቡ" እያልን ከተማዋን ስንዞር ልጆች ከኋላችን እየሮጡ "በየቱ ውሃ?" ይሉን ነበር። ያኔ እንስቃለን።

ቅዳሜ የገበያ ቀን ነው። ገበያው በኮሮናው ምክንያት ከመሃል ከተማ ወጥቶ ሰፊ ሜዳ ላይ ሰፍሯል። ፒካፑ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማንበብ ጀመርኩ። "ለተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች። በቀጠና 1 እና 2 ሰኞና ሐሙስ፣ በቀጠና 3 እና 4 ማክሰኞና ዓርብ..." መኪናው በእግር መንገድ ፍጥነት ይሄዳል። እኔ አነባለሁ። ሦስተኛ ዙር ላይ ደርሻለሁ።

አንዲት እናት ባዶ ጀሪካን በጀርባቸው እንዳዘሉ መጥተው የመኪናውን ኮፈን በመዳፋቸው ደበደቡት። "ቁም! ቁም እስቲ አንተ ልጅ!"

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞሩና ነጠላቸውን ካፋቸው ዝቅ አድርገው፣ "እኛ የቱ ነን?" አሉኝ።

"ምን አሉኝ እማማ?"

"ቀጠና አንድ፣ ቀጠና ሦስት ትላለህ። እኛ የቱ ነን? እኔ ቄራ ሰፈር ነኝ።"

ማይኩ ክፍት ነበር። "እኛ የቱ ነን?" የሚለው ድምፃቸው ከኔ ድምፅ ይበልጥ ጎልቶ በሞንታርቦው ወጣ። ሜዳው ላይ ሽንኩርት የሚመዝነውም፣ በግ የሚጎትተውም ቀና አለ። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ቀጥሎ ግን ከወዲያ "እኛስ? መናኸሪያ ጀርባ?" የሚል ድምፅ መጣ። "ቤተ ክርስቲያኑ ማዶስ?" መኪናው ተከበበ። ርቀት ጠብቁ የሚለው የሰሞኑ ምክራችን እዚያው ላይ አበቃ።

ቀጠናዎቹን ቢሮ ውስጥ ካርታ ላይ ቁጥር የሰጠናቸው እኛ ነን። ከተማዋ ውስጥ ራሱን "የቀጠና 3 ነዋሪ" ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ከጀርባውም ምንም የለም። የቄራ ሰፈርን መልስ አውቀው ነበር። ሌላው ጥያቄ ግን ይጎርፋል። የቦኖው ነው ወይስ የግቢው? ቀን ነው ማታ? መብራት ከጠፋ ተራችን ይዘላል ወይስ ይገፋል?

ስልክ ይሠራል፤ የተቋረጠው ኢንተርኔት ነው። ለፓምፕ ኦፕሬተሩ ደወልኩለት። በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ስብሰባ ላይ አይጠሩም። ገጻችን ላይ ፎቷቸው ወጥቶ አያውቅም። "ጋሼ፣ ገበያ ነኝ፣ ሰው ስለ ፈረቃው እየጠየቀ ነው፣ ይንገሯቸው" አልኳቸውና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ማይኩ ላይ ደገንኩት።

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ እስከ ዛሬ ከነአነጋገራቸው አስታውሰዋለሁ። "መብራት ካለ ከሌሊቱ 9 ሰዓት እከፍታለሁ። ውሃው መጀመሪያ ታች ሰፈር ነው የሚሞላው። ታች ያለው ሰው ቧንቧውን ከፍቶ በርሜል እየሞላ ካደረ ወደ ላይ የሚወጣ ግፊት የለውም። ታች ቢዘጋልኝ 12 ሰዓት ላይ ቄራ ይደርሳል። ካልተዘጋ እንኳን ዛሬ ለፋሲካም አይደርስ።"

ሜዳው ጸጥ አለ ማለት አልችልም፤ ገበያ ነው። ግን ዙሪያችን ያለው ሰው እርስ በርሱ ማውራት ጀመረ። አንድ የታች ሰፈር ሰውዬ "እኛ መች አወቅን!" አለ። "ላይኞቹ መስመራቸው ተሰብሮ መስሎን ነው።" ላይኞቹ ደግሞ ባለሥልጣን ያለበት ሰፈር ተመርጦ የሚከፈት ነበር የሚመስላቸው። ቄራ ሰፈር ይህን ወሬ ለወራት ሲያወራው ኖሯል። አሁን ፓምፑን የሚከፍተው ሰው በራሱ አፍ ምክንያቱን ተናገረ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? አንዱ የዕድር ዳኛ በተራቸው ማይኩን ተቀበሉኝ። የታች ሰፈር ሰው የላዩ ተራ በሚሆንበት ሌሊት ቧንቧውን እንዲዘጋ በዕድሩ በኩል እንደሚያስነግሩ ቃል ገቡ።

በቀጣዩ ሳምንት ሁሉም አልዘጋም። ግን ብዙው ዘጋ። ቄራ ሰፈር ውሃ ወጣ። ጎህ ሲቀድ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል፣ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

አቋርጦ የሚጠይቅ

ከዚያ ወዲህ ስለዚያች ቅዳሜ ብዙ አስቤያለሁ። ቀላሉ መደምደሚያ "የድሮው ዘዴ ይሻላል፣ ቴክኖሎጂ ምን ያደርጋል" ነው። ጓደኞቼ ታሪኩን ስነግራቸው ወዲያው ወደዚያ ይሄዳሉ። እኔ አልስማማም። የድሮው አዋጅ ነጋሪም እኮ ነጋሪት አስመትቶ "ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ብሎ አውጆ ይሄዳል። ማን አስቁሞ "እኛ የቱ ነን?" ሊለው? በ1934 የወጣው የሕግ ጋዜጣ ነጋሪት ተብሎ ስም ሲወጣለት ያንኑ ወግ ነው የወረሰው። ሞንታርቦውም ቢሆን በግንቦት ልጆቹ "በየቱ ውሃ?" ሲሉን ሳይቆም አልፏል። ዕቃው ያው ነው።

ልዩነቱ መኪናው መቆሙና ማይኩ ክፍት መሆኑ ነው። ለሚጠይቀው ሰው ከአስነጋሪው እኩል ድምፅ ተሰጠው፤ ያውም በአጋጣሚ። ሌላው ደግሞ መልሱን የሚያውቀው ሰው ተገኘ። ከንቲባውም ኃላፊዬም እኔም የማናውቀውን ፓምፑ ሥር የሚያድሩት ሰውዬ ያውቁታል። በከተማዋ የመረጃ መስመር ውስጥ ግን ቦታ አልነበራቸውም።

ከተማችን ውስጥ እንዲህ የሚሠራ ሚዲያ አንድ ብቻ አለ፤ የዕድር ጡሩንባ ነፊው። ንጋት ላይ ጡሩንባውን ነፍቶ ስም ይጠራል። በሩን ከፍቶ የወጣ ሰው "የቱ እገሌ? ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?" ሲለው ቆሞ ይመልሳል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ተከታዮቹን ቆጥሮ አያውቅም።

ፌስቡክ ደግሞ፣ እውነቱን እንነጋገር፣ አቋርጦ ለመጠየቅ የተመቸ ነው። ኮሜንት ማለት ይኸው ነው። እናት ኮፈን መደብደብ ሳይጠበቅባቸው ልጃቸው ከቤይሩት ሆና መኪናውን ልታስቆም ሞክራለች። ማስቆሚያውን የደበቅነው እዚህ ነው።

ኢንተርኔት ሐምሌ ላይ ሲመለስ ኮሜንቷን ፈልጌ ድብቁን አነሳሁት። ኃላፊዬን አስፈቅጄ ነው፤ ያኔ ከንቲባው ስለ ገበያው ነገር ከሰው ሰምተው ደስ ብሏቸው ስለነበር እሱም ለስልሷል። ሥሩ የፈረቃውን ቀን፣ ሰዓቱንና ምክንያቱን ጻፍኩላት። በማግሥቱ መለሰች። "አመሰግናለሁ። ደውላልኛለች። ውሃው ይመጣል፣ ግን ሌሊት ተነስታ ነው የምትቀዳው። ጉልበቷን ያማታል።" ለዚህ መልስ አልነበረኝም። "እናስተላልፋለን" ብዬ ጻፍኩ። አስተላለፍኩም። ሞተሩ ተጠግኖ እስኪመጣ ድረስ የፓምፑ ሰዓት አልተለወጠም።

ደብተሩ

ማስታወቂያዎቹን ከዚያ በኋላ በሰፈር ስም መጻፍ ጀመርን። ቄራ፣ መናኸሪያ ጀርባ፣ ቤተ ክርስቲያን ማዶ። ሰዓት ይጻፋል፤ ምክንያት ይጻፋል። የኦፕሬተሩን ስልክ ቁጥር ልናወጣ ብለን "ቁጥሬን ካወጣችሁት ፓምፑን ጥዬ አገሬ እገባለሁ" አሉን። ልክ ናቸው። ሌሊት ፓምፕ የሚጠብቅ ሰው ቀን ስልክ ሊያነሳ ነው? የቢሯችንን ቁጥር አወጣን። ጠረጴዛዬ ላይ ደብተር ተቀመጠ፤ የጠየቀው ሰው፣ ሰፈሩ፣ ጥያቄው፣ መልሱ የተሰጠበት ቀን።

መጀመሪያ ሰሞን ሰው አልደወለም። መንግሥት ቢሮ ደውሎ መልስ ማግኘት ያልለመደ ሰው ቁጥር ስለወጣ ብቻ አይደውልም። ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ደወሉ፣ መልስ አገኙ፣ ለጎረቤት ነገሩ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው አንዳንዱማ ከውሃ አልፎ የካርታ ጉዳይ፣ የመንገድ መብራት፣ የውሻ ጩኸት ሳይቀር ያመጣብን ጀመር። ኃላፊዬ ማለቂያ የለውም ያለው እውነቱን ነው። ማለቂያ የለውም። ለዚህ መሰለኝ ደሞዝ የሚከፈለን።

በዚያው ሰሞን የመረጃ ነፃነት አዋጁን፣ 590/2000ን፣ አውጥቼ አነበብኩት። ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። መሥሪያ ቤቱም ጥያቄ የሚቀበል የሕዝብ ግንኙነት ሰው መመደብ አለበት። መልስ መስጫው ጊዜ 30 ቀን ነው። ጥሩ አዋጅ ነው። ጀሪካን ይዞ ለቆመ ሰው ግን 30 ቀን ረጅም ነው። ለጋዜጠኛና ለጠበቃ የተጻፈ ይመስላል፤ ለቄራ ሰፈር እናቶች የሚያስፈልገው እስከ ማታ የሚደርስ መልስ ነው። ቢሆንም አዋጁን መጥቀስ ጠቀመኝ። "ለምንድን ነው ደብተሩን የምትይዘው?" ሲሉኝ ቁጥሩን እጠራለሁ፤ በኛ ቢሮ የአዋጅ ቁጥር የሚጠራ ሰው ይከበራል።

ኃላፊዬ ከዓመት በኋላ ተዛወረ። አዲሱ ቴክኖሎጂ ይወዳል። ቴሌብር መጣ፣ ፋይዳ መጣ፣ አዲስ አበባ ላይ የመንግሥት አገልግሎቶች በአንድ ቦታ የሚሰጡበት መሶብ ተከፈተ፤ እኛ ወደኋላ ቀረን ይላል። የቴሌግራም ቦት እንዲሠራ ይፈልጋል። ነዋሪው ስልኩን አውጥቶ "ውሃ" ብሎ ሲጽፍ ቦቱ ፈረቃውን ይመልስለታል፤ ሌላ ጥያቄ ካለው ይመዘግብለታል። ሐሳቡ አይከፋም። በተለይ ውጭ አገር ላሉት ልጆች ከስልክ ይሻላል።

ባለፈው ሩብ ዓመት ግምገማ ላይ የሪፖርት ፎርሙ ላይ "መልስ ያገኙ ጥያቄዎች ብዛት" የሚል አንድ መስመር ይጨመር ብዬ ነበር። "ፎርማቱ ከላይ ነው የመጣው" ተባልኩ። እኔ ግን "ሌሎች" በሚለው ሥር በእጄ እየጻፍኩ እልካለሁ። እስካሁን ለምን ጻፍከው ያለኝም፣ ጎበዝ ያለኝም የለም።

ቦቱን ለመሥራት እሺ ብያለሁ። ከባድ አይደለም፤ በትርፍ ሰዓቴ ጀምሬ ግማሽ አድርሼዋለሁ። ለአዲሱ ኃላፊ የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ቦቱ የማይመልሰውን ጥያቄ በየቀኑ ከፍቶ የሚያየውና የሚመልሰው ሰው በስም ተጠቅሶ በደብዳቤ ይመደብ፤ ለፓምፕ ኦፕሬተሩም በየማታው የሚደውል ሰው ይመደብ፤ ያኔ ሥራ ላይ አውለዋለሁ። ደብዳቤው ተረቅቋል። ጸሐፊዋ በፓወር ግዕዝ ተይባዋለች። ፊርማ ይጠብቃል።